አውሮፕላን በድሬዳዋ ለመሥራት ዕቃው ከየት ይገኛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ ባለች አንዲት የቆርቆሮ መጋዘን ባለ አንድ መቀመጫ የእንጨት አውሮፕላን መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የክንፎቹ አጥንቶች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፣ የአካሉ ግራ ጎን ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። በሩ ላይ የሚቆም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ይበራል ወይ?» ብሎ ነው። ትንሽ ቆሞ ካየ በኋላ ግን ጥያቄው ይለወጣል፦ «ዕቃውን ከየት አመጣኸው?» ከሐረር፣ ከጅግጅጋና ከአዲስ አበባ የሚደውሉልኝ ወጣቶችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ለእያንዳንዳቸው በየተራ ስመልስ የቆየሁትን እዚህ ላይ ሰብስቤ ጽፌዋለሁ።

ድሬዳዋ ውስጥ ምን ያህሉን ማግኘት እችላለሁ?

ብዙውን፤ ነገር ግን የሚበረውን አይደለም። እኔ ዕቃን ሁሉ በሁለት እከፍላለሁ፦ መሬት ላይ የሚቀርና ከአውሮፕላኑ ጋር የሚነሣ። መሬት ላይ የሚቀረው ሙሉ በሙሉ ከድሬዳዋ ይገኛል። የሥራ ጠረጴዛውን በቱቦላሬ አስበይዳችሁ ታሠራላችሁ። ሞርሳ፣ ሰጌቶ፣ ትራፓኖ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃ ልክና ቱንቢ መጋላና ቀፊራ ሞልቷል። ታይዋን ገበያ ደግሞ ዲጂታል ካሊፐርና ትንንሽ ሚዛን አይጠፋም። የክንፍ አጥንት የሚታሰርበትን ቅርጽ ማውጫ በተራ ኮምፔርሳቶ መሥራት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ሀብት ግን ከተማዋ አላት። ድሬዳዋ በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የመጣው የባቡር ሐዲድ እዚህ ሲደርስ ነው። የምድር ባቡር ወርክሾፕ ለብዙ አሥርት ዓመታት ብረት ቆራጮችን፣ ቶርኖ ሠራተኞችንና በያጆችን አፍርቷል። ዛሬ ጡረታ የወጡ አባቶች አሉ፤ አንድ ቡሽ ሲያወጡላችሁ የሚሊ ሜትር መቶኛን በጣታቸው ያውቃሉ። ካታሎግ ከመክፈታችሁ በፊት ከእነርሱ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡ። እኔን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ስሕተት ያስቀረልኝ ንድፉን ገልብጦ ያየ አንድ አዛውንት ነው፦ «ይህ ሁሉ በኢንች ነው ልጄ፤ እኛ ጋ ያለው መሰርሰሪያ ሚሊ ሜትር ነው» አሉኝ። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ብሎን ብሎን ነው፤ የመኪናው ለምን አይሆንም?

ከሁሉ በላይ የምሟገትበት ጉዳይ ይህ ነው፤ ስለዚህ በዝርዝር ልናገር።

የአውሮፕላን ብሎን ሲባል በአሜሪካ ጦርና ባሕር ኃይል ደረጃ የወጣው ኤኤን የሚባለው ነው። ከኒኬል ቅይጥ ብረት ይሠራል፤ በካድሚየም ስለሚለበጥ ወርቃማ ቢጫ ይመስላል። የመሳብ ጥንካሬው በካሬ ኢንች 125,000 ፓውንድ ሲሆን በሜትሪክ ወደ 860 ሜጋ ፓስካል ይጠጋል። ጭንቅላቱ ላይ የመስቀል ወይም የኮከብ ምልክት አለው። ቁም ነገሩ ግን ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ብሎኑ ከመሰበሩ በፊት መታጠፍ አለበት። በጣም የጠነከረ ብሎን ምንም ሳያሳይ በአንድ ጊዜ ይቀነጠሳል፤ ታጥፎ የሚያስጠነቅቅ ብሎን ግን በፍተሻ ይያዛል።

«የመኪና 8.8 ብሎንስ ጥንካሬው 800 ሜጋ ፓስካል አይደለም ወይ?» የሚለኝ አለ። ነው፤ እውነተኛ 8.8 ከሆነ። ችግሩ ጭንቅላቱ ላይ የተጻፈውን ማን እንደጻፈው አለመታወቁ ነው። ከአንድ ሱቅ 8.8 የሚል የተቀረጸባቸው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ብሎኖች ገዛሁ። ለቁም ነገር ከማዋላቸው በፊት ሦስቱን ሞርሳ ላይ አስሬ በቶርክ መፍቻ አጠበቅኋቸው። እውነተኛ 8.8 የሆነ ብሎን በዚህ ውፍረቱ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ያለ ችግር ይሸከማል። የመጀመሪያው 7 ሳይሞላ መፍቻው እጄ ላይ ለሰለሰ። አውጥቼ ወደ ብርሃን ሳቀርበው አንገቱ ቀጥኗል፣ ጥርሶቹም አንዱ ከአንዱ ተራርቀዋል። ሁለተኛው እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛው ደኅና ነበር። እኔን ያስፈራኝ ይህ ሦስተኛው ነው፤ ምክንያቱም ከዚያው ከረጢት ውስጥ ጥሩውንና መጥፎውን በዓይን መለየት አልተቻለም።

ስለዚህ የምለው አንድ ነው፦ ጭነት የሚሸከም ማናቸውም ብሎን፣ ዳዶ፣ ቱቦና የብረት ገመድ ከየት እንደመጣ የሚናገር ወረቀት ይኑረው። ክንፍን ከአካል የሚያያይዙት ብሎኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በእነዚህ ላይ ገንዘብ መቆጠብ የለም።

ሜትሪክ የምትመርጡ ከሆነ መንገድ አለ። የአውሮፓ ንድፎች፣ ለምሳሌ የፈረንሳዮቹ ጆዴል፣ በሚሊ ሜትር የተሣሉ ናቸው። ጀርመኖችም ኤልኤን 9037 የሚባል የአቪዬሽን ብሎን ደረጃ አላቸው። እኛ አገር ላለ ሰው መሣሪያው ስለሚገጥምለት ይህ ትልቅ ማቃለያ ነው። ንድፍ ሳትገዙ በፊት በኢንች ይሁን በሚሊ ሜትር መሆኑን ጠይቁ።

የኤኤን ቁጥሮችን እንዴት ላንብባቸው?

ከኤኤን ቀጥሎ ያለው ቁጥር ውፍረቱ በኢንች አሥራ ስድስተኛ ነው። ኤኤን 3 ማለት 3/16 ኢንች፣ ማለትም 4.76 ሚሊ ሜትር፤ ኤኤን 4 ደግሞ 1/4 ኢንች፣ ማለትም 6.35 ሚሊ ሜትር ነው። ከሰረዙ በኋላ ያለው ርዝመት ብዙ ሰው ያሳስታል። 12 ሲል አሥራ ሁለት ስምንተኛ ማለት አይደለም፤ የመጀመሪያው 1 ሙሉ ኢንች፣ ሁለተኛው 2 ደግሞ ሁለት ስምንተኛ ነው። ስለዚህ ኤኤን 4-12 አንድ ኢንች ከሩብ ገደማ ይረዝማል። መጨረሻ ላይ «ኤ» ፊደል ካለ ጫፉ ላይ የኮፒሊያ፣ ማለትም ዳዶው እንዳይፈታ የሚያስር ሽቦ፣ ቀዳዳ የለውም። ከሌለ ቀዳዳ አለው ማለት ነው። እንደ መሪ ዘንግ ማያያዣ ያለ የሚሽከረከር ነገር ላይ ቀዳዳ ያለውን ተጠቀሙ፤ ዳዶው ባለ ጥርስ አክሊል ሆኖ በኮፒሊያ ይታሰራል። ናይለን ያለበት ዳዶ ለማይሽከረከር ቦታ ነው። ከ121 ዲግሪ በላይ ሙቀት ስለማይችል ወደ ጭስ ማውጫው አታስጠጉት።

አሁን ወደ አዛውንቱ ቃል እንመለስ። ገበያ ላይ ያለው መሰርሰሪያ 4.5 ወይም 5፣ 6 ወይም 6.5 ነው። ለኤኤን 3 በ5 ብትበሱ ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ይንቀጠቀጣል። በእያንዳንዱ ንዝረት ቀዳዳው ይሰፋል፤ ከጥቂት ሰዓታት በረራ በኋላ የሚታየው ክፍተት የጀመረው ሳቢያን ጠረጴዛችሁ ላይ ነው። እኔ ለኤኤን 4 በ6 ሚሊ ሜትር በስቼ የመጨረሻውን በሩብ ኢንች ሪመር በእጄ አዙሬ አሰፋዋለሁ። ሪመሩንና የኢንች መሰርሰሪያ ስብስቡን ከብሎኖቹ ጋር በአንድ ጥቅል አዝዙ።

ከውጭ ማን ይሸጣል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያዝ ሰው ካሊፎርኒያ ያለው ኤርክራፍት ስፕሩስ ይበቃዋል። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ድርጅት ነው፤ ከብሎን እስከ ሞተር፣ ከጨርቅ እስከ ሙጫ በአንድ ካታሎግ ያቀርባል።  በእንግሊዝ ዴቨን ውስጥ ኤል.ኤ.ኤስ. ኤሮስፔስ አለ። የሮታክስ ሞተር የሚሠራው ኦስትሪያ ቢሆንም የሚሸጠው በወኪሎች በኩል ነው።

ስታዝዙ የብረቱን የሙከራ ማረጋገጫ አብረው እንዲልኩ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ ብዙ ጊዜ አይመጣም። ለአካል ማዕቀፍ የሚሆነው ቱቦ 4130 የሚባለው ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ያለበት ብረት ነው። አልሙኒየም ከሆነ 2024-ቲ3 ወይም 6061-ቲ6።

ዘመድ በሻንጣ ቢያመጣልኝስ? ለብሎንና ለዳዶ ጥሩ መንገድ ነው፤ ከባድ ነው እንጂ ቦታ አይዝም። በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ይሁን፤ ደረሰኙም አይጥፋ። ሙጫ፣ ቀለምና የጨርቅ ማጣበቂያ ግን በሻንጣ በፍጹም አይሆኑም፤ የሚቀጣጠሉ ናቸው።

በጅቡቲ በኩል ሲመጣ ጉምሩክ እንዴት ነው?

ረጃጅሙና ከባዱ ዕቃ፣ እንዲሁም የሚቀጣጠለው፣ በመርከብ ጅቡቲ ገብቶ በመንገድ ወይም በባቡር ድሬዳዋ ደረቅ ወደብ ይደርሳል። እዚህ ላይ ከአዲስ አበባ ሰው የተሻለ ዕድል አለን፤ ዕቃችንን ቤታችን ደጃፍ እንቀበለዋለን።

አስተላላፊ ቅጠሩ፤ ምድቡን ግን ራሳችሁ እወቁት። የአውሮፕላን ክፍሎች በታሪፍ አንቀጽ 88.07 ሥር ናቸው፣ ሞተሩ 84.07 ላይ ነው። ብሎንና ዳዶ ግን ለአውሮፕላን ቢሆኑም 73.18 ላይ ይመደባሉ። ለአጠቃላይ አገልግሎት የሚውሉ ዕቃዎች ናቸውና የአውሮፕላኑን ምድብ አይከተሉም። ሁሉን በአንድ ላይ «የአውሮፕላን ዕቃ» ብሎ ማስመዝገብ ለጥያቄና ለመዘግየት ይዳርጋል። ደረሰኙ፣ የጭነት ዝርዝሩና የትውልድ አገር ማረጋገጫው በአንድ ቋንቋ ይናገሩ፤ የአንዱ ቁጥር ከሌላው ቢለይ ጥቅሉ ይቆማል።

የውጭ ምንዛሪውን ባንክ አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ዋጋው በድርድር ስለሆነ ከአንድ ባንክ ብቻ አትጠይቁ። ደግሞም የመላኪያው ዋጋ ከዕቃው ሊበልጥ ይችላል። ረጅም እንጨትና ቱቦ ሳይሆን 2.4 ሜትር የሆነውን ማዘዝ ብዙ ያድናል፤ እንጨትን ጫፍና ጫፉን 1 ለ 12 በሆነ ተዳፋት ጠርቦ በማጣበቅ የክንፍ ምሰሶ ማስረዘም የታወቀና ተቀባይነት ያለው አሠራር ነው።

ዝግባ እያለ እንጨት ከአሜሪካ ማምጣት ለምን?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ራሴም ለወራት ያሰብኩበት ነው። ለክንፍ ምሰሶ የሚመረጠው ሲትካ ስፕሩስ የሚባለው የሰሜን አሜሪካ ጥድ ነው። ቀላል ነው፣ ጭረቱም ቀጥ ያለ ነው። ጭረቱ በ15 ኢንች ርዝመት ከ1 ኢንች በላይ እንዳያዘነብል፣ በአንድ ኢንች ውስጥ ቢያንስ ስድስት የዕድገት ቀለበት እንዲኖረው፣ እርጥበቱም ከ8 እስከ 12 በመቶ እንዲሆን ይፈለጋል።

ዝግባ ቀጥ ያለና የሚያምር እንጨት ነው። ነገር ግን ይከብዳል፤ ንድፍ አውጪውም የጥንካሬ ስሌቱን የሠራው ለእሱ አይደለም። ከየት እንደተቆረጠ የማይታወቅ ዝግባ መግዛት ደግሞ በሕግም ያስጠይቃል። የአገራችን ጽድ ጉጥ ይበዛበታል፣ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይጣመማል። እኔ ምሰሶውን በስፕሩስ፣ ቅርጽ ማውጫውን ሁሉ በአገር እንጨት ሠራሁ።

ለኮምፔርሳቶም ፈተና አለኝ። ከገበያ የገዛሁትን አንድ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ድስት ውስጥ ከትቼ ለአንድ ሰዓት ቀቀልኩት። ሳወጣው እንደ ተደራረበ እንጀራ ተገነጣጠለ፤ ውኃውም ቡኒ ሆነ። ቢኤስ 1088 በሚባለው የባሕር ደረጃ የተሠራው ቁራጭ ከተመሳሳይ ድስት ጠርዙ እንኳ ሳይነሣ ወጣ።

ስለ ሙጫ አንድ ነገር ልጨምር። ኢፖክሲ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመጠንከሪያ ጊዜው በግማሽ ያህል ያጥራል። በድሬዳዋ ቀትር የተቀላቀለ ሙጫ እንጨቱ ላይ ሳይደርስ ይረጋል። ሥራዬን ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሬ ሦስት ሰዓት ላይ አቆማለሁ። ከእያንዳንዱ ቅይጥ ሁለት ቁራጭ አጣብቄ ቀኑን ጽፌ አስቀምጣለሁ፣ በማግስቱም ሰብሬ አያለሁ። የሚሰበረው ሙጫው ሳይሆን እንጨቱ መሆን አለበት።

የበርና መስኮት አልሙኒየምስ?

አይሆንም። ብዙውን ጊዜ 6063 የሚባለው ለስላሳ ቅይጥ ነው፤ ጥንካሬው የ2024-ቲ3ን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ለመቀመጫ ጠርዝ ወይም ለዕቃ ማስቀመጫ ይሁን።

የቮልስ ሞተር ይበራል?

ይበራል፤ በዓለም ዙሪያም ብዙ ቀላል አውሮፕላን አንሥቷል። በራሱ ጥረት አውሮፕላን የሠራው ኢትዮጵያዊ አስመላሽ ዘፈሩም በ2007 ዓ.ም. ለሙከራ ባወጣት ኬ-570ኤ ላይ የገጠመው የቮልስ ሞተር ነው። በአየር የሚቀዘቅዝ መሆኑ፣ ያለ ማርሽ ሳጥን ፕሮፔለሩን በቀጥታ ማዞር መቻሉ ይጠቅማል። እኛ አገር ቮልስን ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ ሞልቷል፤ መለዋወጫውም ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ነገር ግን ብዙዎቹ እዚህ ያሉት 1200 ሲሲ አሮጌ ሞተሮች ናቸው። ዘንጉ፣ ፒስተኑና ቫልቮቹ አዲስ ይሁኑ፤ ስንጥቅ የሌለው መሆኑ የተፈተሸ ዘንግ ብቻ ፕሮፔለር ይሸከም። የፕሮፔለር ማሰሪያውን ለዚህ ሥራ ከሚያመርቱት ግዙ።

ሌላው ጉዳይ ሙቀታችን ነው። የድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ 1,167 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በ35 ዲግሪ ቀን ግን አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ 2,200 ሜትር አካባቢ እንዳለ ሆኖ ይሰማዋል። ያን ጊዜ ሞተሩ ከጉልበቱ ከአንድ አምስተኛ በላይ ያጣል፤ 60 የፈረስ ጉልበት የነበረው 47 ገደማ ይቀረዋል። የሐረር ሰዎች «እኛ ጋ ቀዝቃዛ ነው» ይላሉ። ሐረር ግን 1,885 ሜትር ላይ ናት፤ በ25 ዲግሪ ቀን ወደ 2,700 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ንድፍ አውጪው «40 ይበቃል» ካለ ለእኛ አይበቃም።

የባጃጅ ጎማ መጠቀም እችላለሁ?

የባጃጅ ጎማ 4.00-8 ነው፤ በቀላል አውሮፕላን ላይም ይህን መጠን የሚገጥሙ ሠሪዎች አሉ። ጎማው ይሁን፤ ቸርኬውና ኩሽኔታው ግን አውሮፕላን ሲያርፍ ከጎን ለሚመጣው ግፊት የታሰበ አይደለም። ቸርኬውን ከአቅራቢ እዘዙ።

የክንፍ ጨርቁን የት ላሰፋው?

ሐረር፣ መኪና ግርግር። ስሙ የመጣው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ለዚህ ሥራ የሚመጥን እጅ አለ። ጨርቁ ግን ለአውሮፕላን የተዘጋጀ ፖሊስተር ይሁን፣ ክሩም እንዲሁ ፖሊስተር። የመጋረጃ ጨርቅ ሲሳብ አንዱ ጎን ከሌላው ይለያል። እኔ የሁለቱን ክንፎች ከረጢት ይዤ ስሄድ ባለሙያው ጨርቁን በጣቱ ደባብሶ «ይህ ይተነፍሳል?» አለኝ። በተተኮሰ ጊዜ ተኮማትሮ እንደሚወጠር ነገርኩት፤ ስፌቱን ሁለት ጊዜ አጥፎ ሰፋልኝ። ጨርቁ የሚወጠረው በካውያ ከ121 እስከ 177 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። የካውያውን ሙቀት በቴርሞሜትር ሳትለኩ አትጀምሩ፤ የቤት ካውያ ላይ ያለው ቁጥር አይታመንም።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ንድፉን ይዛችሁ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን አነጋግሩ። ድሬዳዋ የአየር ኃይል ምድብም ያላት ከተማ ናት፤ ሞተር ለመሞከር እንኳ ከግቢ ውጪ ሳይነገር መውጣት አይገባም። ፈቃድ ያስቆመናል ብላችሁ አትፍሩ። እዚህ አገር አውሮፕላን መሥራት አዲስ አይደለም፦ ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ በራለች፤ ጣሊያን ወስዷት በጥር 2016 ዓ.ም. ተመልሳለች። ያለ ወረቀት የተሠራች አውሮፕላን ግን የት እንደደረሰች ማንም አይጠይቅም።

ጥቅሉ ሲደርስ መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ከረጢቶቹን በአንድ ጊዜ አትቅደዱ። የድሬዳዋ አቧራ ጥርስ ውስጥ ይገባልና ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉ። አንዱን ከረጢት ክፈቱ፤ ብሎኖቹን ቁጠሩ፣ ከእያንዳንዱ መጠን አንዱን በካሊፐር ለኩ፣ ጭንቅላቱ ላይ ያለውን ምልክት በማጉያ መነጽር እዩ። ከዚያ በባዶ የቅመም ጠርሙስ አድርጋችሁ ቁጥሩን ለጥፉበት። እኔ አንድ ወፍራም ደብተር አለኝ፦ በግራ ገጹ የብሎኑ ቁጥርና የሻጩ ደረሰኝ፣ በቀኝ ገጹ የገባበት ቦታና የጠበቀበት ቶርክ። እስከ ዛሬ 212 ብሎኖች ተጽፈዋል። የቀኝ ክንፍ ምሰሶ ላይ የገቡት አራቱ ብቻ ሁለት ገጽ ይዘዋል፤ ሁለት ጊዜ ፈትቼ ለክቻቸዋለሁና።